ከእንጦጦ እስከ ኮተቤ፤ ስለ ሰው ዐይነ ምድርና ስለ ከተማ ጤና
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ይህ ቃል ለሕመምተኛ የተነገረ ቢመስልም ለከተማም ይሠራል። ሰው ስለ ምግቡ፥ ስለ ልብሱና ስለ ቤቱ በአደባባይ ሲነጋገር አያፍርም። የበላው ምግብ ከሰውነቱ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ግን ነውር ይመስለዋል። አነጋገራችንም ይህንኑ ያሳያል። አባቶቻችን ነገሩን በስሙ ላለመጥራት «እዳሪ መውጣት» ወይም «ሜዳ መውጣት» ይሉ ነበር፤ የመጽሐፍ ሰዎችም «ዐይነ ምድር» ብለው ሸፈኑት። ጨዋነቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ስሙ ስለ ተሸፈነ ነገሩ አልተሸፈነም።

አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በቀን 1 ሊትር ተኩል ያህል ሽንትና ከ100 ግራም በላይ ዐይነ ምድር ያወጣል። ይህ ለአንድ ሰው ሲሆን ከቁጥር የማይገባ ነው። 1 ሚሊዮን ሰው በአንድነት ሲኖር ግን በየቀኑ 1 ሚሊዮን ተኩል ሊትር ሽንትና ከ100 ቶን በላይ ዐይነ ምድር ይሆናል። መዲናችን ደግሞ ስንት ጊዜ ሚሊዮን እንደ ሆነች እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የምንመለከተው ይህ ሸክም በታሪካችን እንዴት እንደ ተያዘ፥ ከእንጦጦ ራስ ተነሥቶ ወደ ቦሌ ሜዳና ወደ ኮተቤ እንዴት እንደ ወረደ፥ በከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚያድሩ መንገደኞችም ስለዚሁ ጉዳይ ምን እንደሚያስተምሩን ነው።

ከሩቁ እንጀምር። «ከተማ» የሚለው ቃላችን መነሻው ሰፈር ማለት ነው፤ ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነውና። ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት መናገሻ የድንኳን ሰፈር ነበረ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ ከ1512 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ሲቈይ፥ ያየው መንግሥት በሺህ ከሚቈጠሩ ድንኳኖች ጋራ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር ነበር። እንዲህ ያለው ሰፈር ማገዶው ሲያልቅ፥ ሣሩ ሲጋጥ፥ መሬቱ ሲረክስ ይነሣል። ሲነሣም ያቈሸሸውን ለፀሐይ፥ ለዝናብና ለጅብ ትቶ ይሄዳል። ምድሪቱም በጥቂት ክረምት ራሷን ታነጻለች። መሄድ ራሱ ጽዳት ነበረ ማለት ነው።

የሰፈር ንጽሕና ሕግ ለካህናቶቻችንም እንግዳ አልነበረም። በኦሪት ዘዳግም 23ኛው ምዕራፍ የእስራኤል ወታደር ከሰፈር ውጭ ስፍራ እንዲኖረው፥ ከመሣሪያውም ጋራ መቈፈሪያ እንዲይዝ፥ ከተጸዳዳም በኋላ አፈር እንዲመልስበት ታዝዟል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ቢሆንም የዛሬ ባለሙያዎች ለተራራ መንገደኛ ከሚሰጡት ምክር እምብዛም አይለይም።

ሰፈሩ ሳይነሣ የዘገየ እንደ ሆነ ግን ቅጣቱ ከባድ ነበር። በ1858 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ሐይቅ ዳር፥ በቆራጣ አካባቢ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ብዙ ሺህ ሰውና ከብት ከአንድ ውሃ ይጠጣል፤ በዚያው ዳርቻም ይጸዳዳል። በንጉሡ ዘንድ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ሰፈሩ ከቈላው ተነሥቶ ወደ ደጋው እንዲወጣ መከረ፤ ንጉሡም ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ደብረ ታቦር አቀኑ። በመንገድም እጅግ ብዙ ሰው ረገፈ። በዚያን ጊዜ የበሽታው ዘር በውል አልታወቀም ነበር። የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 ኮሌራ በመጠጥ ውሃ እንደሚተላለፍ ቢያስረዳም ብዙዎች አላመኑትም፤ ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በሽታውን የሚያመጣውን ረቂቅ ተሕዋስ ለይቶ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። ከበሽተኛው አንጀት የወጣው ወደ ጤነኛው አፍ በውሃ ይመለሳል። የነገሩ ምሥጢር በሙሉ ይህ ነው።

ከኮሌራ ይልቅ ዝግ ያለ፥ ነገር ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያልተለየን ሌላም ምስክር አለ፤ እርሱም የኮሶ ትል ነው። የቀድሞ ሰው፥ መኳንንትም ሆነ ባላገር፥ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የኮሶ አበባ በጥብጦ መጠጣቱ የታወቀ ልማድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ወደ ጎንደር መጥቶ ስለዚህ ዛፍ በመጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። ትሉ እንዴት እንደሚመጣ ግን ያስረዳው ሌላ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት እ.ኤ.አ. በ1861 የትሉን ቍራጭ ለጥጃ አብልቶ በጥጃው ሥጋ ውስጥ የትሉን እጭ አገኘ። እንግዲህ መንገዱ ይህ ነው፤ ሰው በሜዳ ይጸዳዳል፤ ከብት በዚያ ሣር ይግጣል፤ ሰው የዚያን ከብት ሥጋ ጥሬውን ይበላል፤ ትሉም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አያቶቻችን ለመድኃኒቱ ብልኃት አላጡም፤ የኮሶን ዛፍ ከደጋው መርጠው ለይተውታል። በሽታውን ከምንጩ የሚያደርቀው መድኃኒት ግን በዛፍ ላይ አልነበረም። አንድ ክንድ ተኩል ጉድጓድ ቢቈፈር ይበቃ ነበር።

አሁን ወደ መዲናችን እንምጣ። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው ሳለ ብርዱና የማገዶው እጥረት አስቸገረ። እቴጌ ጣይቱም ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድን ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ወንዞቹ ሁሉ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ ከእነርሱም ቀበናና ግንፍሌ ይገኙበታል፤ በመጨረሻም በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወደ አዋሽ ይደርሳሉ። በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ሥር የምንጭ ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ። ሕዝቡ ውሃ በቧንቧ ሲሄድ አይቶ ተደነቀ። የገባው ውሃ ቈሽሾ ሲወጣ በምን እንደሚሄድ ግን ማንም የጠየቀ አልነበረም። ንጹሑ ውሃ በቧንቧ ይገባል፤ እድፉ በገደሉ ይወጣል። ይህ አለመመጣጠን ከዚያን ቀን ጀምሮ የከተማችን ዕዳ ሆኖ ኖሯል።

አዲስ አበባ ስሟ ከተማ ሆነ እንጂ ልማዷ የሰፈር ነበር። በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ጭፍራው ይሰፍራል፤ በሰፈሮቹም መካከል ጥልቅ ሸለቆዎችና ቍጥቋጦዎች አሉ። ሕዝቡ ማለዳና ማታ ወደነዚያ ሸለቆዎች ይወርዳል፤ ሌሊት ጅቡ መጥቶ ያጸዳል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የተረፈውን ያጥባል። ልዩነቱ ይህች ከተማ እንደ ቀድሞዎቹ ተነሥታ አለመሄዷ ነው። ባሕር ዛፍ ተተከለና ማገዶው አላለቀም፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ገባና ሰውና ዕቃ በረከተ። መናገሻው ረጋ። በረጋ ስፍራ ላይ ግን የሚነሣው ሰው መሆኑ ቀርቶ ቆሻሻው መሆን ነበረበት።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን መታ፤ «የኅዳር በሽታ» የተባለው ነው። ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ነዋሪው የግቢውን ጥራጊ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን የከተማው ሰማይ በጢስ ይሸፈናል። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለ ነበረ ጢሱ ያን ጊዜ ብዙ አልጠቀመም። ልማዱ ግን አንድ ቁም ነገር ትቶልናል፤ በዓመት አንድ ቀን ሁሉም በአንድነት ስለ ጽዳት ያስባል። የሚያሳዝነው በዚያ ቀን የሚቃጠለው የደረቀው ጥራጊ ብቻ መሆኑ ነው። እርጥቡ፥ የሚገድለው፥ በየጓሮው ጉድጓድ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይከርማል።

ከጠላት ወረራ በኋላ መንግሥት ነገሩን በሕግ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1947 የሕዝብ ጤና አዋጅ ቍጥር 91 ወጣ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። እነዚህ የንጽሕና ባለሙያዎች በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የመጸዳጃ ጉድጓድ አስተማሪዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ጉድጓዱ ከመጠጥ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውሃው ልክ ከፍ ይበል፤ ክዳን ይኑረው፤ አመድ ይጨመርበት ብለው በየቀበሌው ዞረው አስተማሩ። ትምህርታቸው በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ወደየገጠሩ ቤት ገባ። ሁለት ሁለት ልጃገረዶች በየቀበሌው ተመድበው ገበሬውን ጉድጓድ አስቈፈሩት። ይህ ከታላላቅ ጦርነቶች ድል የማያንስ ሥራ ነው፤ የተዘመረለት ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ምሥራቁ ወገን፥ ወደ ቦሌ እንውረድ። ቀድሞ ቦሌ የጤፍና የግጦሽ ሜዳ ነበር። የአይሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር የጄት አይሮፕላን የሚያርፍበት ረጅም ጥርጊያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 አይሮፕላኖች በዚያ አረፉ። ዲፕሎማቱ፥ ነጋዴውና ሹሙ በማረፊያው መንገድ ግራና ቀኝ ቪላ ሠራ። እያንዳንዱም ቪላ በግቢው ውስጥ የራሱን ሴፕቲክ ታንክ ቀበረ። የቦሌ መኳንንት ሁሉ ከመሬታቸው በታች አንድ አንድ ትንሽ የእድፍ ጎተራ ነበራቸው ማለት ነው።

የሴፕቲክ ታንክ አሠራር ቀላል ነው። ከቤት የሚወርደው ፍሳሽ ወደ ታንኩ ይገባል፤ ወፍራሙ ይዘቅጣል፤ ቀጭኑ ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ ወደ አፈር ይሠርጋል። ዝቃጩ በየጥቂት ዓመቱ ተመጥጦ መውጣት አለበት። ይህ አሠራር የሚያምረው መሬቱ ውሃ የሚጠጣ እንደ ሆነ ነው። የቦሌ፥ የገርጂ፥ የአያትና የሰሚት ሜዳ ግን በብዛት ጥቁር መረሬ አፈር ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ አንድ ጊዜ ከራሰ በኋላ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ማስረጊያው ሐምሌ ላይ ይሞላል፤ የሞላውም ፈልቶ በግቢው በር ይወጣል። አንዳንዱም ባለቤት በዝናብ ተመካኝቶ፥ በሌሊትም ተሸሽጎ፥ ቧንቧውን ወደ ጎርፍ መውረጃው ቦይ ያገናኛል። ቦዩ ወደ ወንዝ ነው የሚሄደው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የተባለው ለዚህ አይደለምን?

ታንኩ ሲሞላ የሚጠራው የፍሳሽ ማንሻ መኪና ነው። ይህን መኪና የማያውቅ የከተማ ሰው የለም፤ ሲያልፍ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል። መኪናው የሰበሰበውን የሚወስደው ወደ ምሥራቁ ዳርቻ፥ ወደ ኮተቤ ነው። በዚያ ዝቃጩ በኩሬና በማድረቂያ መደብ ላይ ይፈስሳል፤ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ይወስዱታል፤ የቀረው እንደ አፈር ይደርቃል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በክረምት ግን ፀሐይ የለም፤ በኮተቤም ዙሪያ ቀድሞ ሜዳ የነበረው ዛሬ ቤት ሆኗል። ቦሌ የጣለውን ሽታ የሚሸተው የኮተቤ ሰው ነው። አንባብያን ሆይ፥ የከተማ ፍትሕ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ማን ይጥላል፥ በማንስ ደጅ ይወድቃል?

የመጣያው ጉዳይ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ የተያዘው በ1963 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሲቋቋም ነው። ሁለቱን ስሞች፥ ውሃንና ፍሳሽን፥ አንድ ላይ ማድረጉ ትልቅ አስተዋይነት ነበር፤ የገባው ሁሉ ይወጣልና። በዚያው ዘመን ከከተማው በስተ ምሥራቅ የለገዳዲ ግድብ ተሠርቶ ውሃው በብዛት መፍሰስ ጀመረ። ውሃ ሲበዛ ፍሳሽም ይበዛል። በ1970ዎቹ አጋማሽ በቃሊቲ የመጀመሪያው የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ቃሊቲ የተመረጠው በከተማው ዝቅተኛ ወገን ስለሚገኝና ፍሳሹ ያለ ሞተር በራሱ ቍልቍል ስለሚወርድ ነው። ያ የመጀመሪያው ማጣሪያ ተከታታይ ኩሬዎች ነበሩ፤ በቀን 7 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ያህል ይቀበል ነበር። ፍሳሹ በኩሬዎቹ ውስጥ ቀናት ይቈያል፤ ረቂቃን ተሕዋስያን እድፉን ይበሉታል፤ የትል ዕንቍላል ይዘቅጣል፤ ፀሐይም የበሽታውን ዘር ታዳክማለች። በ2010 ዓ.ም. ገደማ በዚያው ስፍራ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ በዓለም ባንክ ብድር ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ለቦሌ አራብሳና ለሌሎችም የጋራ መኖሪያ መንደሮች ደግሞ አነስተኛ ማጣሪያዎች በየአካባቢው ተተከሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ጣቢያው ቢሰፋ መስመሩ እስከ ደጃፉ ያልደረሰለት ሰው ብዙ ነው፤ ቧንቧ የሌለው ማጣሪያ መንገድ እንደሌለው ድልድይ ነው።

በሌላ በኩል ድኻው ወገን የራሱ ታሪክ አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን የኪራይ ቤቶቹ በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ብዙ ቤተ ሰብም አንድ መጸዳጃ ቤት በጋራ ይጠቀም ነበር። የብዙዎች የሆነ ነገር የማንም አይሆንምና ቍልፉን ማን ይያዝ፥ ሲሞላስ የማስመጠጫውን ማን ይክፈል በሚል ጠብ ስንቱ ጎረቤት ተቀያየመ! በ1990ዎቹ መጨረሻ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች በገርጂ ተጀምረው በምሥራቁ ሜዳ ሁሉ ሲስፋፉ ለያንዳንዱ ቤት የራሱ መጸዳጃ ተሰጠ። ይህ ታላቅ የኑሮ ለውጥ ነው። ጠቡ ግን ጨርሶ አልሞተም፤ ከጓሮ ተነሥቶ ወደ ሕንጻው ኮሚቴ ገብቷል።

በዚህ ስፍራ አንድ የሚያስገርም ነገር ላስታውሳችሁ። በቦሌ ሰማይ ላይ ይህ ጥያቄ ከምድሩ ቀድሞ መልስ አግኝቷል። በመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች ውስጥ የነበረው መጸዳጃ መድኃኒት የፈሰሰበት ባልዲ ነበር። ቀጥሎ ሰማያዊ ፈሳሽ እየተመላለሰ የሚያጥበው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 ጄምስ ኬምፐር የተባለ አሜሪካዊ በአየር የሚስብ መጸዳጃ ፈለሰፈ፤ ቦይንግም እ.ኤ.አ. በ1982 በአይሮፕላን ላይ አዋለው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቦሌ ያረፈው ቦይንግ 787 የያዘው ይህን ዓይነቱን ነው። አይሮፕላኑ ከፍ ብሎ ሲበር የውጭው አየር ስስ ስለሚሆን የውስጡ አየር እድፉን በአንድ ትንፋሽ ወደ ታንኩ ይገፋዋል፤ ለመታጠቢያም ጥቂት ውሃ ይበቃዋል። ሲያርፍ መኪና ቀርቦ ይቀዳዋል። አንድ ጠብታ እንኳ ወደ ሰማይ አይጣልም፤ የሚጣልበት ጓሮ ስለሌለ! የሰው ልጅ ቆሻሻውን በሥርዓት የሚይዘው ጓሮ ሲያጣ ነው።

ተራራም እንዲሁ ጓሮ የለውም። የስሜን ተራሮች በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆነው በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። መንገደኞች በሳንቃበር፥ በግጭና በጨነቅ ሰፈሮች እያደሩ ወደ ራስ ደጀን ይሄዳሉ። ከእያንዳንዱ መንገደኛ ጋራ መሪ፥ ዘበኛ፥ ወጥ ቤትና በቅሎ ነጂ አለ። የዚህ ሁሉ ሰው ዐይነ ምድር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው ብርድ ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም፤ ቅዝቃዜው ተሕዋስያኑን ያዘገያቸዋልና። ቈላ ላይ በጥቂት ወራት አፈር የሚሆነው በዚያ ከፍታ ዓመታት ይወስዳል። መሬቱ አለት ስለ ሆነ ጥልቅ ጉድጓድ ለመቈፈርም አይመችም። ከስሜን የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ተከዜ የሚሄድ፥ የባላገሩም መጠጥ ነው። በእዚያ ላይ ያለ አንድ ቸልተኛ እንግዳ በታች ያለ አንድ መንደር ያሳምማል።

ሌሎች አገሮች ይህን ነገር በልዩ ልዩ መንገድ ሞክረውታል። በአውሮፓና በኒው ዚላንድ ከፍተኛ የመንገደኛ ጎጆዎች ሽንቱና ዐይነ ምድሩ ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሽንት ካልተቀላቀለው ዐይነ ምድር ይደርቃል፤ ክብደቱ ይቀንሳል፤ በበርሜል ተሞልቶም በሄሊኮፕተር ይወርዳል። በአሜሪካ በሎንግስ ፒክ ተራራ የግመል ዘመድ የሆነችው ላማ እድፉን ተሸክማ ታወርድ ነበር። በአላስካ ዴናሊ ተራራ ላይ ለሚወጣ ሰው ክዳን ያለው ማጠራቀሚያ ይሰጠዋል፤ በበረዶው ስንጥቅ ውስጥ የተጣለው እድፍ ከብዙ ዓመት በኋላ ከበረዶው ጋራ ቀልጦ እንደሚወርድ ሊቃውንት ደርሰውበታልና። በኔፓልም እ.ኤ.አ. በ2024 የኤቨረስት ተራራ አካባቢ አስተዳደር ወጪዎች የራሳቸውን ዐይነ ምድር በከረጢት ይዘው እንዲወርዱ አዘዘ። በዓለም ከሁሉ በላይ የሆነው ስፍራ እንኳ ለመጣያ አልበቃም።

ስለ ስሜን ይህን ያህል መናገራችን ከርዕሳችን የወጣ አይምሰላችሁ። አዲስ አበባ ራሷ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። የእንጦጦ ራስ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ የቦሌ ማረፊያ 2 ሺህ 334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ቃሊቲና አቃቂ ከዚያም ዝቅ ይላሉ። ከተማችን እንደ ደረጃ የተሠራች ናት፤ በላይኛው ደረጃ የተደፋ በታችኛው ደረጃ ይቀዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ለአዲስ አበባ ገበያ ሰላጣ፥ ጎመንና ቆስጣ ያመርታል፤ የሚያጠጣውም በዚያው ወንዝ ነው። ከቦሌ ቪላ በሌሊት በቦይ የተለቀቀው እድፍ በሳምንቱ በሰላጣ ቅጠል ላይ ወደዚያው ቪላ ማዕድ ሊመለስ ይችላል። «ከራስ በላይ ነፋስ» ብሎ የጣለው ሰው ነፋሱን ሳይሆን ምሳውን ያገኘዋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ ሲነሣ ይህ ትምህርት አዲስ አልነበረም፤ በቆራጣ ዳር ከ150 ዓመት በፊት የተሰጠው ያው ነበር።

በቅርብ ዓመታት መልካም ጅማሬዎች ታይተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወንዝ ዳርቻዎችን የማልማት ሥራ ታወጀ፤ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም በየመንገዱ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ተሠሩ፤ ወደ ወንዝ ቆሻሻ የሚለቅቅ ሰው እንዲቀጣም ከተማው ደንብ አወጣ። ነገር ግን ዳርቻው አበባ ተተክሎለት ውሃው የቈሸሸ ወንዝ ነጭ ልብስ እንደ ለበሰ ቍስለኛ ነው። ደንብም ብቻውን ጉድጓድ አይመጥጥም።

እናንተ የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባብያን በዚህ ጉዳይ ሁለት ድርሻ አላችሁ። አንደኛው በቤታችሁ ነው። የሴፕቲክ ታንካችሁ በግቢያችሁ የት ላይ እንዳለ ታውቃላችሁን? መጨረሻ የተመጠጠው በየትኛው ዓመት ነው? ከቤታችሁ የሚወጣው ቧንቧ የሚሄደው ወደ ፍሳሽ መስመር ነው ወይስ ወደ ጎርፍ ቦይ? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ዛሬ ማታ መልስ የሌለው ሰው ነገ ማለዳ ጠይቆ ይወቅ። የቤቱን ካርታ በካዝና ቈልፎ የሚያስቀምጥ ሰው ከቤቱ በታች ያለውን አለማወቁ ያስነውረዋል።

ሁለተኛው ድርሻ በመሥሪያ ቤታችሁ ነው። የሕንጻ ፈቃድ መዝገብ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ስለ ፎቁ ቍጥርና ስለ መስተዋቱ ብቻ አትጠይቁ፤ ስለ ፍሳሹም ጠይቁ። በጀት ሲደለደል ለማጣሪያ ጣቢያ የተጠየቀው ገንዘብ ለምረቃ የሚያምር ስላልሆነ ብቻ ወደ ኋላ አይገፋ። ትምህርት ቤት ሲሠራ ለሴቶች ልጆች የተለየ፥ በር ያለው፥ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት መኖሩን አረጋግጡ፤ በዚህ ጕድለት ምክንያት ከትምህርቷ የምትቀር ልጅ አለችና። በመሥሪያ ቤታችሁ ለሹም የተቈለፈ፥ ለባለ ጉዳይ የተከለከለ መጸዳጃ ቤት ካለ ቍልፉን ክፈቱት፤ ከሩቅ አገር የመጣው ባለ ጉዳይ ከሸክሙ ሁሉ ጋራ ይህንም ተሸክሞ በሰልፍ ይቆማልና።

ከሁሉ በላይ ግን ሸክማችንን የሚያነሡትን ሰዎች እናክብር። የፍሳሽ ማንሻ መኪናውን የሚነዳው፥ ቱቦውን በእጁ ይዞ የሚያስገባው፥ የተዘጋውን መስመር ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚከፍተው ሰው ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያክመን ነው። በጉድጓዱ ውስጥ የሚጠራቀመው መርዘኛ አየር በአንድ ትንፋሽ ሊገድለው ይችላል። ጓንት፥ ጫማ፥ የአየር መፈተሻና ተገቢ ደመወዝ ልንነፍገው አይገባም። ሲያልፍ አፍንጫችንን ብንይዝም እጅ መንሣትን አንርሳ።

የቀድሞ አባቶቻችን መሬቱ ሲረክስ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ፤ በዘመናቸውም ልክ አደረጉ። እኛ ግን ድንጋይ ክበናል፥ ሲሚንቶ አፍስሰናል፥ ባቡርና አይሮፕላን አስገብተናል፤ የምንሄድበት ሌላ ሜዳ የለንም። ስለዚህ እየሄደ መጽዳት የሚገባው እድፉ ነው፤ እኛም ወዴት እንደሚሄድ አውቀን፥ ዋጋውንም ከፍለን፥ በማንም ደጅ ሳይወድቅ ልንሸኘው ይገባናል።